በዋንዛው ሥር ያለ ኩል

አክስቴ ደጊቱ ወደ ገደሉ የምትወርደው ጉም በሞላበት ጠዋት ብቻ ነበር። ጉም ከሌለ ይቀራል። ከአፋፉ ቆመን ቁልቁል ስናይ ቆላው የለም፤ ወንዙ የለም፤ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ሰማዩ ጠርዝ ተኝቷል። ሴቶቹ በዚያ ነጭ ውስጥ አንድ በአንድ ይገባሉ። መጀመሪያ እግራቸው ይጠፋል፤ ከዚያ ወገባቸው፤ መጨረሻ ላይ ሻሻቸው። እኔ ከላይ ቆሜ ሳያቸው የሚሰጥሙ ይመስለኝ ነበር። ከቀትር በኋላ በዚያው መንገድ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ብር መስሎ ይመለሳሉ።

የሚወርዱት ለኩል ነው።

መንደራችን ከዳንግላ ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ያለው ጠርዝ ላይ ነው። አፋፉ እንለዋለን። ከገደሉ ሥር፣ ወንዙ ምድሩን በልቶ በልቶ በከፈተው ቦታ፣ ለስላሳ፣ ብርማ፣ ቅባት የነካው የሚመስል ድንጋይ አለ። በጣት ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል። ሴቶቹ በማጭድ ጫፍ ፍቀው በቅጠል ጠቅልለው ያመጡታል። ቤት ውስጥ ከጥላሸትና ከቅቤ ጋር ደጋግመው ይፈጩታል፤ በቀጭን ቀርከሃ ሞልተው ዳንግላ ገበያ ይዘውት ይሄዳሉ። የአፋፍ ኩል ከተባለ ከግምጃ ቤት ከተማ ድረስ የሚመጣ ገዢ ነበረው። ዓይን ላይ ሲያርፍ ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ከጥቁረቱ ውስጥ ትንሽ ያበራል፤ ሲመሽ ኩሬ ላይ እንደሚቀር ብርሃን።

መንገዱን ወንድ አያውቀውም ነበር። አያውቀውም ስል፣ ቢፈልግ ያገኘዋል፤ ግን ወንድ በሴት ኩል ምን ጥልቅ አደረገው? ለወንድ መንገዱን ያሳየች ሴት ዓይኗ ኩል አይይዝም ይባል ነበር። ሌላም ደንብ ነበራቸው። ከአፋፉ ከወረዱ ጀምሮ ተመልሰው እስኪወጡ በስም አይጠራሩም። «አንቺ የፊተኛዋ»፣ «አንቺ የኋለኛዋ» ይባባላሉ እንጂ። ገደሉ ስም ከሰማ ይይዛል ይላሉ።

እኔ አክስቴ ቤት የገባሁት ከትምህርት ቤት ወጥቼ ነው። ዳንግላ አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። አባቴ አንድ ቀን መጥቶ፣ «አክስትሽ ብቻዋን ናት፤ ውሃ የሚቀዳላት የለም» አለኝ። እርሳሴን ለአጠገቤ ልጅ ሰጥቼ ከፈረሱ ላይ ከኋላው ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ያኔም ዛሬም፣ የሆነውን ነገር ሆነ ብሎ መተው ይቀለኛል። አክስቴ ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ የወደቀ ብርማ ድንጋይ አንስቼ ጠፍጣፋው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አሰመርኩበት። እንደ እርሳስ ጻፈ። ስሜን ጻፍኩ። እትዬ ደጊቱ አጎንብሳ አየችው፤ ማንበብ አትችልም፤ «ምን አልሽው?» አለችኝ። «ራሴን ነው» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ስለሆነ አስታውሰዋለሁ።

ከቤቷ በር ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ከሥሩ የኩል ድንጋይ ተከምሯል። እትዬ ከገደሉ በተመለሰች ቁጥር፣ ካመጣችው ውስጥ ደህናውን መርጣ፣ ሳትፈጨው፣ እዚያ ታስቀምጠዋለች። ሌሎቹም ሴቶች ወደየቤታቸው ሲያልፉ ደስ ካላቸው አንዳንድ ይጥላሉ። ክምሩ ለዓመታት አድጎ ጉልበቴ ይደርስ ነበር። በጥቅምት የዋንዛው ነጭ አበባ ይረግፍበታል፤ ፀሐይ በቅጠሉ መካከል ስትገባ አበባውና ብሩ ይቀላቀላሉ። በዚያ ሰዓት እትዬ ከደጃፉ ተቀምጣ ዝም ብላ ታየዋለች። ሥራ የፈታች አይመስልም፤ የሆነ ሰው የምትጠብቅ ይመስላል።

ምን እንደሆነ የነገረችኝ እሷ አይደለችም። ሽታዬ ናት። ሽታዬ የኩል ሴቶች መሪ ናት፤ ምላሷ እንደ ማጭዷ የተሳለ።

«ከዚያ ሥር ልጅ አለች» አለችኝ አንድ ቀን ውሃ ስንቀዳ። «ሴት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ሄደች። ሳትጠመቅ። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን አፀድ ውስጥ ማን ያስገባታል? የአክስትሽ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገብረ ማርያም በገዛ እጁ እዚያ ቀበራት። ከእሷ ወዲህ የመጡትም በአክስትሽ ሆድ ቀሩ። ሾተላይ ነው ተባለ። ለሾተላይ አይለቀስም፤ አይወራም። አክስትሽን እንዳትጠይቂያት።»

አልጠየቅኋትም። ከዚያ በኋላ ግን ክምሩን ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ። ዓይኗን ገልጣ ምንም ሳታይ ለሄደች ልጅ፣ እናቷ ያን ሁሉ ዓመት ኩል ስትሸከምላት።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ባለመዶሻው መጣ።

ስሙ አቶ ደጉ ይባላል። መንግሥት ድንጋይ እንዲመረምር ከአዲስ አበባ የላከው ነው። እስከ ዳንግላ በላንድሮቨር መጣ፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ስለማይገባ በበቅሎ። ወጣት ነው፤ ቀጭን፤ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ። ከሱ ጋር አራት ቆፋሪዎች ነበሩ፤ ከፊት ከፊት ደግሞ ጭቃ ሹም ቢሻው፣ የሟቹ የገብረ ማርያም ታላቅ ወንድም፣ ጭራውን እያወዛወዘ ይመራል። ጥላ ፈልገው ከዋንዛው ሥር አረፉ። እትዬ ጠላ አቀረበች። አቶ ደጉ ዋንጫውን እንደያዘ ሳይጠጣ ቀረ። ክምሩን አየ።

ተንበረከከ። አንዱን ድንጋይ አንስቶ ጥፍሩን ሰደደበት። ከኪሱ ትንሽ ማጉያ መነጽር አውጥቶ ዓይኑ ላይ ደቀነ። ከዚያ ድንጋዩን ነጭ ገል ላይ አሸው፤ ጠቆር ያለ፣ ትንሽ አረንጓዴ ያዘለ መስመር ቀረ።

«እማማ» አለ፣ «ይህ ከየት መጣ?»

እትዬ አፏን ሳትከፍት ሽታዬ ቀደመች። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር እንግዳ ለማየት መጥታ ቆማ ነበር።

«ከየትም አልመጣ ጌታው። እዚያው ነው የሚበቅለው። መሬቱ ያወጣዋል። እኛም ከዚሁ እየወሰድን እንኳላለን።»

ሴቶቹ ሁሉ ተያዩ። መንገዳቸውን መደበቋ ነው፤ ገባቸው። እትዬ ደጊቱ ሽታዬን አየቻት፤ ግን ምን ትበል?

«መሬቱ ያወጣዋል» አለ አቶ ደጉ ለራሱ። «እማማ፣ ይህ ሞሊብዲነም ነው! ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያለው ይህ አረንጓዴ ደግሞ የመዳብ ዝገት ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።»

«ሞሊ… ሞሊ ማን?» አለ ቢሻው።

«ሞሊብዲነም።»

«የጣሊያን ሹም ስም ነው የሚመስል። ለምንድን ነው የሚሆነው?»

«ከብረት ጋር ሲቀልጥ ብረቱን ያጠነክረዋል።»

«እሰይ!» አለች ሽታዬ። «እኛማ ዓይናችን ነበር የተበላሸ የመሰለን። ለካ ብረት ሆኖልን ነው፤ ለዚህ ነው ወንድ አየሁ ብሎ የማይፈዝዝብን።»

ሰዉ ሳቀ፤ አቶ ደጉም ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ከቤቷ በር እስከ ዋንዛው ግንድ ድረስ በእግሩ መስመር አሰመረ። ነገ እዚህ ላይ ጉድጓድ ይወጣል አለ፤ ረጅም፤ ከበሩ ጀምሮ ክምሩ ሥር ድረስ። መሬቱ ይህን ሁሉ ካወጣ ከሥር ያለው ምን ያህል ይሆን?

«ይቆፈር!» አለ ቢሻው። «ይቆፈር እንጂ። መንገድ ይመጣልና። መኪና እዚህ፣ በዚህ በር ላይ ሲቆም ይታያችኋል?»

እትዬ ዋንጫዎቹን ሰበሰበች። ከክምሩ ላይ አበባውን በጣቷ አንድ በአንድ እያነሳች ጣለች፤ ከዚያ የጣለችውን መልሳ አስቀመጠች።

ሲመሻሽ ከምንጩ ላይ ሴቶቹ ተገናኙ። ሽታዬ እንሥራዋን ሳታወርድ ተናገረች።

«ማንም ትንፍሽ እንዳትል። ይቆፍሩ። አፈርና ጥቁር ድንጋይ ያገኛሉ፤ ይሰለቻቸዋል፤ ይሄዳሉ። ገደላችን ይተርፋል። የሚሞት ሰው የለም።»

«እዚያ ያለ ሰው አለ» አለች እትዬ።

ሽታዬ እንሥራዋን አወረደች።

«ደጊቱ እህቴ» አለች ሽታዬ፣ ለስለስ ብላ፣ እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፣ «እሷ እኮ ስም እንኳ የላትም።»

«ስም አላት። ጮክ ብዬ ጠርቻት አላውቅም እንጂ።»

ማንም ስሟን አልጠየቃትም። ሾተላይ ነዋ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እንሥራቸውን አዝለው ወጡ።

እትዬ ወደ ቤት አልተመለሰችም፤ ቢሻው ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ፈረሱን ውሃ ያጠጣ ነበር።

«አያ ቢሻው፣ ከዋንዛው ሥር ያለውን ታውቃለህ። ወንድምህ ነው ያስቀመጣት።»

«አውቃለሁ» አለ። ፈረሱን እንጂ እሷን አላየም። «ግን አንቺ፣ ላልተጠመቀ ልጅ ምን መቃብር አለ? ቄሱን ጠይቂ። መቃብር ቢሆን እኮ እኔው ነኝ የምከለክል። የመንግሥት ሰው መጥቶ ምን ልበለው? የወንድሜ ሚስት ስም የለሽ አፈር አለብኝ አለች ልበል? መንገዱንስ? ልጆቻችን እስከ መቼ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ዳንግላ ይዝለቁ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። መንገድ ይወድ ነበር፤ ያላየውን መንገድ። እትዬ ዞራ መንገድ ጀመረች። ስንመለስ ከዋንዛው ሥር ቆመች። እጇን ክምሩ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚነካ።

በማግስቱ ከቤቱ በር ጀመሩ። ዶማው ሲወርድ ድምፁ ከደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ጥቁር አፈር ወጣ፤ ከሥሩ ቀይ አፈር፤ ከቀዩ ሥር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ። ብር የለም፤ አረንጓዴ የለም። አቶ ደጉ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ ድንጋዩን ሰብሮ፣ በመነጽሩ አይቶ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አይገባኝም» አለ፣ ቀና ብሎ እትዬን እያየ። «የክምሩ ድንጋይ እዚህ የተወለደ አይደለም። ይሄ ጥቁሩ ሌላ ነገድ ነው፤ እንደ ዘንገና ሐይቅ ያሉ ቦታዎች እሳት ሲተፉ እየፈሰሰ የመጣ። የእናንተ ብር ከዚህ ጋር አይዛመድም። የድሮ ወንዝ ይሆን ያመጣው? ለማንኛውም ነገ ከክምሩ ሥር ሲቆፈር ይታወቃል። መልሱ እዚያ ነው ያለው።»

«እዚያ ነው» አለ ቢሻውም።

እትዬ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ጠዋት ስትቀሰቅሰኝ በሩ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ጉሙ ቤታችን ድረስ መጥቷል። ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ተኩላ ነበር፤ ወደ ሠርግ እንደምትሄድ። ወደ አቶ ደጉ ድንኳን ሄድን።

«ተነሱ ጌታው። ድንጋዩ የተወለደበትን ላሳይዎት።»

ሰውዬው ከድንኳኑ ራሱን አወጣ። «የት ነው?»

«አይጠይቁኝ። ጉሙ ሳይገለጥ ይከተሉኝ። አያ ቢሻው ይተኛ።»

ወረድን። እሷ ፊት፣ እሱ መካከል፣ እኔ ኋላ። ያን መንገድ ስረግጠው የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጨረሻዬም ሆነ። የምንረግጠው ድንጋይ እንጂ ከዚያ ያለፈ ነገር አይታይም። ከጉሙ ውስጥ ቀርከሃ ብቅ ይላል፤ ይጠፋል። የወፍ ድምፅ ከላይ ይሁን ከታች አይለይም። አንዳንዴ እየወረድኩ ይሁን እየተንሳፈፍኩ ይጠፋኝ ነበር። አቶ ደጉ ዘወር ብሎ፣ «እህቴ፣ ስምሽ ማን ነው?» ሲለኝ እትዬ ከፊት ሆና፣ «እዚህ ስም አይጠራም» አለችው።

እየወረድን ሳለ ድንጋዩ ተለወጠ። ጥቁሩ አልቆ፣ እንደ ተተኮሰ ሸክላ የቀላ አፈር መጣ፤ ቀጠለና ከሥሩ ደማቅ፣ ጽጌረዳማ፣ እንደ እህል ጥሬው የሚቆጠር ድንጋይ። አቶ ደጉ እጁን ለጠፈበት።

«ይኸው» አለ ቀስ ብሎ። «ከላይ የረገጥነው ሁሉ የትናንት ነው። ይህኛው ግን የጥንት ነው። እሳቱ መጥቶ ሳይሸፍነው እዚህ ተኝቶ ነበር። ወንዙ ባይከፍተው ማንም አያየውም።»

ጉሙ ወፍራም ሆኖ ወንዙ አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። እትዬ ከአንድ ጥርብ የመሰለ የድንጋይ ገጽ ፊት ቆመች። በጽጌረዳማው ድንጋይ ውስጥ ነጭ መስመር እንደ ደም ሥር ያልፋል። በነጩ ጠርዝና ጠርዝ ብሩ በቅርፊት በቅርፊት ተለጥፏል። ከላዩ ውሃ የሚያዥበት ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ወርዷል፤ የሆነ ሰው ቀለም ደፍቶበት የሄደ ይመስላል። የማጭድ ጭረት ሞልቶታል፤ የሴት እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ገጹ ተልጓል።

አቶ ደጉ ገጹ ድረስ ቀረበ። መዶሻው በእጁ ነበር፤ አልመታም።

«እንዴት ነው እዚህ የገባ?» አለች እትዬ። ያን ሁሉ ዓመት ስትፍቀው ኖራ መጠየቋ ነው።

«ከታች፣ በጣም ከታች፣ ምድር ድንጋዩን አቅልጣ ነበር» አለ። «ሲበርድ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ትኩስ ውሃ ይወጣል፤ ሲወጣ የያዘውን ሁሉ ተሸክሞ ነው። ብርዱ ሲያገኘው መሸከም ያቅተዋል፤ መዳቡን አንድ ጋ፣ ይህን ብርማውን አንድ ጋ እያስቀመጠ ያልፋል። ውሃው የለም አሁን። ያስቀመጠው ብቻ ቀረ።»

እትዬ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ከነጩ መስመር አላነሳችም። «ውሃውም ደክሞት ነዋ» አለች።

አቶ ደጉ መስመሩን በስንዝሩ ለካው። ቦታ ቦታ ላይ ስንዝር፤ ቦታ ቦታ ላይ ጣት። ወዲያና ወዲህ ሄዶ አየ፤ ጉሙ ውስጥ እየጠፋ እየተመለሰ።

«ታዲያ ለላኩህ ምን ትላለህ፣ ልጄ?» አለችው። ጌታው ማለቷን ትታ ነበር።

«ያየሁትን። አለ፤ ጥቂት ነው፤ ሩቅ ነው። ወደ ውስጥ ይሰፋ ይሆናል፤ ላይሰፋም ይችላል። ከዚህ ገደል ግን ማን ያወጣዋል? መዝግበው ይተውታል።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እማማ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ያ ሁሉ ድንጋይ ለምን ከዋንዛው ሥር ተከመረ? ኩል ከሆነ ለምን አልተፈጨም?»

እትዬ እጇን ነጩ መስመር ላይ አሳረፈች።

«የልጄ ነው» አለች። «እዚያ ናት። ሰማንያ ቀኗ አልሞላም። ዛሬ የምትቆፍረው እሷ ላይ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «አምሳለ ነው ስሟ።»

ገደሉ ስም ሰማ። እኔ የሆነ ነገር የሚወድቅ መስሎኝ ወደ ላይ አየሁ። ምንም አልወደቀም። ጉሙ ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ወንዙ ከታች ለአፍታ በራ፤ መልሶ ተሸፈነ። እትዬ ስሙን ደገመችው፤ አሁን ለማንም ሳይሆን። ጉንጯ ላይ ኩሉ በሁለት መስመር ወረደ።

አቶ ደጉ ባርኔጣውን አወለቀ። «አላወቅሁም፣ እማማ» አለ። «አልነገሩኝም።»

«አልነገርንህም» አለችው።

ስንወጣ ቢሻው ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ፣ ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ጠበቁን።

«የት ጠፋችሁ? ፀሐይ እኮ ወጣች!»

«ድንጋዩን አገኘነው፣ ጭቃ ሹም። ከገደሉ ሥር ነው። እዚህ የሚቆፈር የለም» አለ አቶ ደጉ፤ ለቆፋሪዎቹም፣ «ድፈኑት» አላቸው። እሱም አካፋ ይዞ አብሯቸው ደፈነ።

«መንገዱስ?»

«መንገድ አይመጣም።»

«አይመጣም?» ቢሻው ጭራውን አወረደ። «ኧረ እኔ ለሚስቴ ወንድም ሾፌር ትሆናለህ ብዬው ነበር! ከትናንት ጀምሮ ሞፈር አልይዝም ብሎ ተቀምጧል!»

በማግስቱ በቅሎዎቹ ወደ ዳንግላ ተመለሱ። አቶ ደጉ ከገደሉ ለቅሞ ያመጣቸውን ድንጋዮች ጭኖ ሄደ፤ ከክምሩ አንድም አልነካም። ተመልሶ አልመጣም። እኔም አልጠበቅሁትም፤ ሰው የሚመለስ አይመስለኝም።

ልጅቷ በቦታዋ ቀረች። ሌላው ነገር ግን በቦታው አልቀረም።

ወንዶቹ መንገዱን አወቁት። ብር ነው ብለው መዶሻና ዲጅኖ ይዘው ወረዱ፤ የተላገውን ገጽ ሰባብረው፣ ብር አለመሆኑን ሲያውቁ ጥለውት ወጡ። በክረምቱ የላላው ድንጋይ ተንዶ የድሮውን መንገድ በላው። ሴቶቹ ሌላ፣ የጠበበ መውረጃ አበጁ። እትዬ ደጊቱን አልጠሯትም። ሂጂ ያላት የለም፤ ነይ ያላትም የለም። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ተኩላ አታውቅም። የተባለው ደርሶባት፣ ዓይኗ ኩል አልይዝ ብሎ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አውቃለሁ፤ ራሷ ናት የተወችው። ሽታዬ ምንጩ ላይ፣ ሴቶቹ እየሰሙ፣ «ዓይኗን አያችሁት? እንደ ተላጠ ድንች!» ስትል ሰምቻለሁ። ለእትዬ አልነገርኳትም። ሌላ ሰው ነገራት።

ጉም በሚሞላ ጠዋት ከአፋፉ ቆመን ሴቶቹ ሲሰጥሙ እናያለን። «አሁን ቀዩ አፈር ጋ ደርሰዋል» ትለኛለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አሁን ጥንት ጋ ናቸው።» ከዚያ ገብተን ድንች እንልጣለን። ከክምሩ ላይ የሚጨምር አልነበረም። ድንጋዮቹ በሻጋታ አረንጓዴ ሆኑ፤ የአበባው ብስባሽ ተጋገረባቸው፤ ብሩ እየደበዘዘ ሄደ። እሷ ጠርጋ ታጸዳዋለች፤ ክረምቱ መልሶ ያለብሰዋል። ተጸጽታ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «ከገደሉና ከልጄ አንዱን ነው የሰጡኝ» አለች።

ስንት ክረምት እንዳለፈ አልቆጠርኩም። ስልሳ ዓመተ ምሕረት ገብቶ ነበር። እትዬ ዓይኗ ደክሞ ሰውን በድምፁ ነበር የምትለየው። ጥቅምት ነው፤ ዋንዛው አብቧል። ከውጭ የዱላ ድምፅ ሰማን፤ ቀስ ያለ፤ የሚያርፍ፣ የሚነሳ። ድምፁ ከዋንዛው ሥር ቆመ። አንድ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲነካ ተሰማ።

«ማናት?» አለች እትዬ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፤ ምላሷን ውሻ ይብላላትና፣ ሽታዬ።» ጉልበቷን ይዛ ታቃስት ነበር። «የሴቶቹ ደንብ ሳይሆን ይሄ መውረጃ ነው የሚገድለኝ።»

«ምን ፈለግሽ?»

«ምንም።» የልጅቷን ስም የነገርኳት እኔ ነበርኩ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ምንጩ ላይ፤ ያኔ እንዳልሰማ ሆና ነበር። «ለአምሳለ ነው» አለች።

እትዬ በግድግዳው እየተደገፈች እስከ በሩ መጣች። እኔ ክንዷን ልይዝ ስል ገፋችኝ። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ፤ አንዷ በዱላ፣ አንዷ በመቃኑ። ሽታዬ እጇ እስከ ክርኗ ብር ነበር።

«ገና አለ እንዴ እዚያ?» አለች እትዬ።

«አለ። ጥቂት ነው።»

«ሩቅ ነው» አለች እትዬ። ከዚያ ከበሩ ዘወር ብላ በመደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።